ከጅግራ የተወሰደ ስም፦ የጸደይ የተርኪ አደን በዋሽንግተን ዙሪያ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የጸደይ የተርኪ አደን በኤፕሪል ተከፍቶ በሜይ ይዘጋል። አዳኙ ጎሕ ሳይቀድ ጫካ ገብቶ ዛፍ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ልብሱን ከቅጠሉ አመሳስሎ እንደ ሴቷ ወፍ ድምፅ ያሰማና ወንዱን ወደ ራሱ ይጠራል። ማሳደድ የለም። የአደኑ ሥራ በአብዛኛው ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ከደረቱ ላይ ጢም የሚመስል፣ ጸጉር መሰል ጥቁር ላባ ያንጠለጠለውን ወፍ ብቻ ሲሆን፣ ጢም ያለው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ወንዱ ነው። ዋናው ወቅት ከመከፈቱ በፊት ለልጆች የተለዩ ቀናት አሉ። በሜሪላንድ በእነዚህ ቀናት ጠመንጃውን የሚይዘው ዕድሜው 16 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ነው፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ፈቃድ ያለው አዋቂ መሣሪያ መያዝ አይችልም። አባት ወይም እናት ባዶ እጁን ከልጁ ጎን ተቀምጦ በሹክሹክታ የሚመራበት ይህ ልማድ ከቅድመ አያቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ይመስላል። አሁን ባለው መልኩ ግን ከአንድ ሽማግሌ ዕድሜ ብዙ አይበልጥም። ወፉ ራሱ ከአካባቢው ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት የተመለሰ ነው።

የወፉ ስም ከሐበሻ አገር ብዙ አይርቅም። እንግሊዞች በመጀመሪያ የቱርክ ዶሮ ይሉት የነበረው የአፍሪካን ጅግራ ነው፤ በቱርክ ግዛት በኩል በሚያልፉ ነጋዴዎች እጅ ወደ አውሮፓ ይደርስ ስለነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስፓኞች ከሜክሲኮ አንድ ትልቅ ወፍ ይዘው ሲመጡ ሁለቱ ተምታቱ፤ ስሙም ከጅግራ ላይ ተነሥቶ አዲሱ ወፍ ላይ ቀረ። ካርል ሊኔየስም በ1758 ለአሜሪካው ወፍ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «ሜሌአግሪስ» አለው፤ ቃሉ የጥንት ግሪኮች ጅግራን የሚጠሩበት ነው። ቱርኮች በበኩላቸው ወፉን «ሂንዲ» ይሉታል፣ ፖርቱጋሎች «ፔሩ»። ሁሉም የተስማሙት የሌላ ሰው አገር ወፍ በመሆኑ ላይ ብቻ ይመስላል። በዋሽንግተኑ ዩ ስትሪት፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ «ተርኪ» ሲል ሳያውቀው የጅግራን የድሮ ስም እየጠራ ነው።

በኖቬምበር ከገበያ ተገዝቶ ምድጃ የሚገባው ተርኪና በኤፕሪል ጫካ ውስጥ የሚጮኸው ተርኪ ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም። የገበያው የሜክሲኮ ሰዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያለመዱት ወፍ ዘር ነው። እስፓኞች ወደ አውሮፓ ወሰዱት፤ እንግሊዝ ሰፋሪዎች ደግሞ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መልሰው ወደ አሜሪካ አመጡት። የምሥራቁ ጫካ ተርኪ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በፖቶማክና በጄምስ ወንዞች ዳር የነበሩት ነባር ሕዝቦች ሥጋውን ይበሉ፣ ከላባውም ካባ ይሠሩ ነበር። በ1607 ጄምስታውን ከሰፈሩት እንግሊዞች አንዱ የነበረው ጆን ስሚዝ ስለእነዚህ የላባ ካባዎች አሠራር ጽፏል። በ1608 ይኸው ሰው ፖቶማክን ሽቅብ ቀዝፎ የዛሬው ዋሽንግተን ወዳለበት አካባቢ ደርሷል። የአናኮስቲያ ወንዝ ስም የተገኘው በዚያ ጊዜ በዳርቻው ይኖሩ ከነበሩት የናኮችታንክ ሰዎች ነው።

ቀጣዮቹ ሦስት መቶ ዓመታት ያህል ለወፉ ክፉ ነበሩ። ጫካው ለትምባሆና ለስንዴ እርሻ፣ ለቤት እንጨት፣ ለብረት ማቅለጫ ከሰል ተመነጠረ። ተርኪ ሌሊቱን ዛፍ ላይ ያድራል፤ ክረምቱንም ከዛፍ በሚረግፍ ፍሬ ያሳልፋል። ዛፉ ሲሄድ ማደሪያውም ቀለቡም ሄደ። የቀረውን ጠመንጃ ጨረሰው። የአደን ሥጋ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ይሸጥ ስለነበር የገጠሩ አዳኝ ወፎቹን ደርድሮ በባቡር ወደ ከተማ ይልክ ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ በ1872 የተከፈተው ሴንተር ማርኬት ዛሬ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት በቆመበት ቦታ ላይ ነበር፤ በዘመኑ የከተማው ትልቁ ገበያ እሱ ነው። ወፉ ዓመቱን ሙሉ፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ እንቁላል የታቀፈችው ሳትቀር ይገደል ነበር። በ1904 ኒው ዮርክ ውስጥ የታየው የቼስትነት ዛፍ በሽታ ደግሞ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የአፓላቺያን ተራሮችን ዋና የፍሬ ዛፍ አጠፋው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሜሪላንድ ተርኪ የቀረው በምዕራቡ ተራራማ ጥግ ብቻ ነበር። በመላው አገሪቱ በ1930ዎቹ ቁጥሩ ወደ 200,000 ወርዶ እንደነበር ይገመታል።

የዚያ ዘመን ጥፋት አሻራ ዛሬ አዳኞች በሚሄዱበት በግሪን ሪጅ ደን ውስጥ ይገኛል። ደኑ በሜሪላንድ ምዕራብ፣ በአሌጋኒ አውራጃ ያለ ወደ 49,000 ኤከር የሚሰፋ የመንግሥት ጫካ ነው፤ ከዩ ስትሪት በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ወደዚያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሳይድሊንግ ሂል የተባለውን ተራራ 340 ጫማ ያህል ቆርጦ ሲያልፍ የድንጋዩ ንብርብር እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ይታያል። ጫካው የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። አሁን ያለው ጥቅጥቅ ያለ የኦክ ደን ከዱሮ ዘመን የተረፈ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በፊት ኮረብታዎቹ ራቁታቸውን ነበሩ። እንጨቱ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ባለቤቶቹ በዓለም ትልቁ የፖም እርሻ ይሆናል ብለው መሬቱን በ10 ኤከር እየሸነሸኑ ለከተማ ሰዎች ሸጡት። አፈሩ ግን ስስና ድንጋያማ ነበርና እርሻው ከሰረ። መንግሥት በ1931 መሬቱን ለደን መግዛት ጀመረ፤ በኢኮኖሚው ውድቀት ዘመን ሥራ ያጡ ወጣቶችም በመንግሥት ደመወዝ ተቀጥረው መንገድ አወጡበት፣ ችግኝ ተከሉበት። ለመግዛት የተቻለው መሬቱ ዋጋ ስላልነበረው ነው። የፖም እርሻው ቢያዋጣ ኖሮ ዛሬ ተርኪ የሚያድርበት ዛፍ ባልኖረም ነበር። በቨርጂኒያም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፦ በ1911 የወጣ ሕግ ፌዴራሉ መንግሥት የተራቆተ የተራራ መሬት እንዲገዛ ፈቀደ፤ ከዚያ በ1918 የሸናንዶዋ ብሔራዊ ደን ተቋቋመ፤ ስሙም በ1932 ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ተብሎ ተለወጠ።

ጫካው ሲመለስ ወፉ ብቻውን አልተመለሰም። በመጀመሪያ የመጣው ሕግ ነው። በ1900 የወጣው የሌሲ አዋጅ በሕገ ወጥ መንገድ የተገደለ የዱር እንስሳ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው እንዳይነገድ ከለከለ፤ ለገበያ የሚያድነው ሰው የባቡር መንገዱ ተዘጋበት። ቨርጂኒያ በ1916 የአደን መሥሪያ ቤት አቋቋመች። በሴፕቴምበር 1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት የፒትማንና የሮበርትሰን ሕግ ደግሞ ገንዘቡን አመጣ፤ ጠመንጃና ጥይት በተሸጠ ቁጥር የሚከፈለው ቀረጥ፣ ዛሬ በረጃጅም ጠመንጃዎች ላይ 11 በመቶ የሆነው፣ ለክፍለ ግዛቶች የዱር እንስሳት ሥራ እንዲውል አደረገ። የሕጉ ግማሽ ስም የቨርጂኒያ ሰው ስም ነው፤ ዊሊስ ሮበርትሰን ወደ ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት የዚያኑ ክፍለ ግዛት የአደን መሥሪያ ቤት ይመራ ነበር።

ወፉን ለመመለስ የተሞከረው የመጀመሪያው መላ ግን አልሠራም። ሊቃውንቱ እንቁላል በማሽን እያስፈለፈሉ፣ ጫጩቶቹን በአጥር ውስጥ እያሳደጉ ጫካ ለቀቋቸው። ወፎቹ ሰው ሲያዩ ወደ ሰው ይመጣሉ፤ ቀበሮን ከዶሮ አይለዩም፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ የት እንደሚሸሸግ የነገራቸው የለም። በሺህ የሚቆጠሩ ተለቀቁ፣ የተረፉት ኢምንት ናቸው። የዱር ተርኪ ጫጩት የት እንደሚበላ፣ መቼ ጸጥ እንደሚል፣ የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚታደር የሚማረው ወራት ሙሉ ከእናቱ ኋላ እየተከተለ ነው። (አባትየው በዚህ ውስጥ የለም፤ ወንዱ ተርኪ ከተገናኘ በኋላ ስለ ጫጩቶቹ ምንም አይጨነቅም። ልጁን ይዞ እሱን ሊያድን ከሚመጣው አባት ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ያስቃል።) የቨርጂኒያዎቹ ተመራማሪዎች ሄንሪ ሞዝቢና ቻርልስ ሃንድሊ በ1943 ስለ ቨርጂኒያ የዱር ተርኪ ያሳተሙት መጽሐፍ ለዘመኑ ባለሙያዎች መሠረታዊ ሰነድ ሆነ።

መፍትሔው የዱሩን ወፍ በዱርነቱ ይዞ ወደ ሌላ ዱር ማዛወር ነበር፤ ችግሩ መያዙ ላይ ነው። አማርኛ ንቁን ሰው «ቆቅ ነው» ይላል፤ ቆቅ በተርኪ ፊት ዝንጉ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዓይኑ ቀለም ይለያል፣ ጥቂት እንቅስቃሴ አያመልጠውም፣ በእግሩ ብቻ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፣ ወጥመድም ቶሎ ይጠረጥራል። በ1951 በሳውዝ ካሮላይና ኸርማን ሆልብሩክ የተባለ ባለሙያ ለውሃ ወፎች የተሠራውን የመድፍ መረብ ለተርኪ ተጠቀመበት። በቆሎ ይበተናል፤ መረቡ ተጣጥፎ በቅጠል ይሸፈናል፤ ባለሙያው ከመደበቂያው ሆኖ በኤሌክትሪክ ሲተኩስ ትንንሽ መድፎች መረቡን በመንጋው ላይ ይወረውሩታል። ከዚያ ወዲህ በየክፍለ ግዛቱ የተያዙ የዱር ወፎች በሣጥን እየተጫኑ ወፍ ወደሌለባቸው ጫካዎች ተጓዙ፤ እናቶቹም ዱርን የሚያውቁ ስለሆኑ ጫጩቶቻቸውን አስተማሩ። ሜሪላንድም ከምዕራቡ ጥግ የቀሩትን መነሻ አድርጋ እንዲሁ ሠርታለች፤ ዛሬ በ23ቱም አውራጃዎቿ ተርኪ አለ። በመላው አገሪቱ ቁጥሩ በ21ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ለዚህ ሥራ የቆመው የአዳኞች ማኅበር፣ ብሔራዊው የዱር ተርኪ ፌዴሬሽን፣ በ1973 የተመሠረተው ከዋሽንግተን በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ፍሬድሪክስበርግ ነው፤ በኋላ መቀመጫው ወደ ሳውዝ ካሮላይና ተዛወረ።

የጸደዩ አደን የተስፋፋው ከዚሁ ሥራ ጋር ነው። ቀድሞ ሰው በብዛት የሚያድነው በመኸርና በክረምት፣ መንጋውን እየበተነ ነበር። በጸደይ ማደን የሚፈቀድበት ምክንያት ግን የወፉ ጠባይ ነው። አንዱ ወንድ ብዙ ሴቶችን ያገናኛል፤ ሴቷ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት እንቁላል ጥላ 28 ቀን ትታቀፋለች፤ ከተገናኘች በኋላ ወንዱ ቢሞት ጫጩቶቹ አይጎዱም። ስለዚህ የወቅቱ መክፈቻ ቀን የተቀመረው ብዙዎቹ ሴቶች ተገናኝተው ወደ ጎጆ በሚገቡበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ብቻውን የቀረው ወንድ ለማንኛውም የሴት ድምፅ ይመልሳል። በወቅቱ የመጀመሪያ ሳምንታት አደኑ ከፀሐይ መውጫ ግማሽ ሰዓት በፊት ይጀምርና እኩለ ቀን ላይ ያበቃል፤ ከሰዓት በኋላ ከጎጆዋ የወጣችውን ሴት እንዳያስደነግጥ።

የመጥሪያው ጥበብ ከሕጉ እጅግ ይቀድማል። ነባሮቹ ሕዝቦች ከወፉ ከራሱ የክንፍ አጥንት መጥሪያ ይሠሩ ነበር፤ በአፍ ሲመጠጥ የሴቷን ድምፅ ያወጣል። በ1897 ሄንሪ ጊብሰን የተባለ የአርካንሳስ ሰው የፓተንት መብት ያስመዘገበበት የሣጥን መጥሪያ ደግሞ ቀጭን የእንጨት ሣጥን ነው፤ ክዳኑ በጠርዙ ላይ ሲፋተግ ይጮኻል፣ እንጨቱም እንዳይንሸራተት ጠመኔ ይቀባል። ልጅ በቀላሉ የሚለምደው ይህን ነው። አፍ ውስጥ ላንቃ ሥር የሚቀመጠው ስስ ላስቲክ እጅን ነፃ ስለሚያደርግ ልምድ ያላቸው ይመርጡታል፤ ጀማሪውን ግን ያቅለሸልሸዋል። ሁሉም መጥሪያዎች አንድ አደጋ አላቸው፦ በደንብ የሚጠራ ሰው ሌላ አዳኝንም ይጠራል። ለዚህ ነው ትምህርቱ ሁሉ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ የሚለው፤ ሦስቱ የወንዱ ተርኪ ራስ ቀለሞች ናቸው። ነጭ ነጠላ ከቀይ ጥለት ጋር ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለኤፕሪል ጫካ አይሆንም። በሜሪላንድ ከጁላይ 1977 በፊት ፈቃድ ያልነበረው ሰው የአደን ደኅንነት ትምህርት ሳይወስድ ፈቃድ አያገኝም፤ አባትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊፈተኑ ይችላሉ።

በዩ ስትሪት ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች መብዛት የጀመሩት በ1990ዎቹ ነው፤ ከዚያ በፊት መንገዱን ያደመቁት ጥቁር አሜሪካውያን ብዙዎቹ ከቨርጂኒያና ከካሮላይና ገጠር የመጡ፣ ወይም የእነዚያ ልጆች ነበሩ። ለሁለቱም ወገን ገጠር ማለት ትዝታ ነው። ያም ሆኖ ለአደን የሚሄድ ሰው ርቆ መጓዝ የግድ አይሆንበትም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች በጁላይ የሱፍ አበባ መሐል ፎቶ ሊነሡ የሚሄዱበት በፑልስቪል አጠገብ ያለው የመኪ በሸርስ መሬት የአደን መሬት ነው፤ አበባው የሚዘራውም ለፎቶ ሳይሆን ለእርግብ መኖ ነው። ከአሌክሳንድሪያ የሚነሣ ወደ ምዕራብ ነድቶ ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ደን ይወጣል። አጠገቡ ያለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ግን አደን የተከለከለበት ነው፤ የሁለቱን ወሰን ካርታ ላይ አጥርቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አማርኛ ተናጋሪው ከአገሩ ይዞት የሚመጣው የአደን ባህል ከዚህ የተለየ ነው። በኢትዮጵያ ግዳይ የሚባለው ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ ነበር፤ የጣለው ሰው ይፎክራል፣ ይሸለማል። ለጅግራ ማንም አልፎከረም። ጅግራና ቆቅ የእረኛ ልጆች ድርሻ ነበሩ፤ በወጥመድ ወይም በወንጭፍ የተያዙትን ሜዳ ላይ ጠብሰው ይበሏቸዋል፣ አባት ብዙ ጊዜ ወሬውንም አይሰማ። ትልቁን አደን መንግሥት መገደብ የጀመረውም ቀደም ብሎ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1944 የአደን ደንቦች አውጥተዋል። አባትና ልጅ ለአንዲት ወፍ ብለው ንጋት ላይ ጸጥ የሚሉበት ልማድ እዚህ አገር የሚገኝ አዲስ ነገር ነው።

የቀን መቁጠሪያውም የራሱ ጣጣ አለው። የሜሪላንድ ወቅት የሚከፈተው ኤፕሪል 18 አካባቢ ነው፤ የኦርቶዶክስ ፋሲካ ደግሞ ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ሜይ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይዘዋወራል። በ2024 ፋሲካ ሜይ 5 ስለዋለ የወቅቱ ግማሽ ያህል በሁዳዴ ተበላ፤ በ2025 ኤፕሪል 18 ስቅለት ነበር፤ በ2026 ግን ፋሲካ ኤፕሪል 12 በመሆኑ አደኑ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ገባ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሁለተኛው ጥያቄ በክት ነው። ተርኪ የሚመታው በሾትገን፣ ከ40 ሜትር በታች ርቀት፣ ራሱና አንገቱ ላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ እዚያው ይሞታል። በስመ አብ ብሎ ባርኮ ያልታረደ ሥጋ የማይበላ ክርስቲያን ነፍሱ ሳትወጣ መድረስ አለበት፤ ሙስሊሙም ቢስሚላህ ብሎ ይተኩስና በሕይወት ከደረሰበት ያርደዋል። ስለ እሑድ ደግሞ ቨርጂኒያ ከሐበሻ ጋር ለረጅም ዘመን ተስማምታ ኖራለች፦ እሑድ ማደን ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የተከለከለ ነበር፤ በግል መሬት በ2014፣ በመንግሥት መሬት በ2022 ተፈቀደ። ሜሪላንድ ጉዳዩን በየአውራጃው ለያይታ ትወስናለች። የመጨረሻው ጥያቄ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው በመሠረቱ አይችልም፤ ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ግን ሕጋዊ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው።

በዋሽንግተን ከተማ ክልል ውስጥ አደን የተከለከለ ነው፤ ወፉ ግን መጥቷል። በ2022 ጸደይ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር በሚያልፈው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ላይ አንድ የዱር ተርኪ መንገደኞችን እያሳደደ በጥፍሩ መቧጨሩ የከተማው ወሬ ሆኖ ሰነበተ። መንገዱ የዋሽንግተንንና የሜሪላንድን ወሰን ስለሚያቋርጥ የሁለቱም ወገን ባለሙያዎች ሊይዙት ተሯሯጡ። ጊዜው ወንዱ ተርኪ ተቀናቃኝ የመሰለውን ሁሉ የሚያባርርበት ወቅት ነበር።